ወለላን ይዤ ወደ ይፋት ሸማኔ

ይህን ጉዞ የተጓዝሁት ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን ነው። የየቀኑን ነገር የምጽፍበት ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር፤ ደብተሩ ግን አብሮኝ አልተመለሰም። ስለዚህ አሁን የምጽፈው ከልቤ አውጥቼ ነው፤ የቀኑንና የመንገዱን ተራ አልረሳሁም። ቆላ ወርዶ ለማያውቅ ሰው፣ ይልቁንም እንደ ወለላ ያለ ልጅ በጓዳው ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ወለላ የታላቅ እህቴ የእትዬ ዘነበች ልጅ ናት። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። እግሮቿ እንደ መቀስ ይጣመራሉ እንጂ አይቆሙም፤ ከአፏም «ሃ» ከምትል አንዲት ድምፅ በቀር አይወጣም። ትሰማለች፤ ሰው ሲስቅ ካየች ትስቃለች። እህቴ ይዛት ያልሄደችበት ጠበል የለም። አባቷ ዘምቶ አልተመለሰም። የአባቷ ዘመዶች ደግሞ፣ ለአንቺም ለእሷም ዕረፍት ነው፣ ገዳም በር ወስደን ከነዳያኑ ጋር እናስቀምጣት እያሉ ያስጨንቋት ነበር። ለፋሲካ መጥተው ሊወስዷት ቆርጠው ነበር።

እኔ በደብረ ብርሃን ልጆች አስተምር ነበር። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የወታደር መጋዘን ሆነና ሥራ ፈታሁ። አስተማሪ ሥራ ሲፈታ ያገኘውን ሁሉ ያስረዳል፤ እህቴን ሳሰለቻት ከረምሁ። አንድ ቀን ጥጥና በርበሬ ከቆላ የሚያመጡ ጋሼ ሙሄ የሚባሉ ነጋዴ ደጃችን ላይ ወለላን አዩና፣ «እኛ አገር አንድ ሸማኔ አሉ። የእሳቸውም ልጅ እንዲህ ነበረች። አሁን ወንዝ ወርዳ ውሃ ትቀዳለች» አሉን። እህቴ የዚያን ሌሊት አልተኛችም። በሳምንቱ የአሥራ አምስት ቀን የይለፍ ወረቀት አወጣሁ።

ሰኞ። ወሩ ጥር ነበር፤ ጠዋት በውርጭ ከጋሼ ሙሄ ጋር ተነሣን። ወለላን በቅሎ ላይ አስቀምጠን በነጠላ ከኮርቻው ጋር አሰርናት፤ ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር። እህቴ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘችን። ስትመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «ትሄድልኛለች ብዬ አይደለም። ለእነዚያ ሰዎች የማሳየው አንድ ነገር ይዘህልኝ ና። አንዲት ነገር ትበቃኛለች።»

መንገዱ ያን ጊዜ ለመኪና ይሠራ ነበር። የአገር ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ዘበኛው ጥላ ሥር ቆሞ ያያል። ከቀትር በኋላ አንድ ካሚዮን ከኋላችን ሲያናፋ በቅሎዋ ደነበረች፤ የስንቁ ስልቻ ተፈታና በሶው ገደል ገባ። እኔ ልቤ ሲጠፋ ወለላ ከትከት ብላ ሳቀች። ጋሼ ሙሄም፣ «ይቺ ልጅ ካንተ የተሻለ መንገደኛ ናት» አሉኝ። የዚያን ቀን ከጣርማ በር ወዲህ ባለች መንደር አደርን። ያደርንበት ቤት ባለቤት የገብስ ቂጣ ጋገረችልንና ለነገም ቋጠረችልን። ልጆቿን ግን ወለላ አጠገብ እንዳይቀመጡ በዓይኗ ትጠቅሳቸው ነበር። አልተቀየምኋትም፤ እኛም ሠፈር ያው ነው።

ማክሰኞ። ጣሊያን ተራራውን ሊበሳው ይቆፍር ስለ ነበር በቅሎ በዚያ አያሳልፍም፤ በድሮው የእግር መንገድ ቁልቁል ወረድን። ለማያውቁት ላስረዳ፤ ከጣርማ በር ጫፍ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው አገሩ ከእግሩ ሥር ተሰብሮ የወደቀ ይመስለዋል። ላይ ጉም አለ፤ ታች ጭጋግ የመሰለ ሙቀት። ጥቂት በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ አወለቅን።

ደብረ ሲና ያደርነው እትዬ አስካለ ከምትባል ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ወለላን አይታ፣ እራት አቅርባ ውሃ አሙቃ እግሯን አጠበችላት። ከዚያ ከጓዳው በር ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አደረገችው። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጇ አጎዛ ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም፤ ጎረቤቶቿ መኖሩን የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነው። ወለላን አጠገቡ አስተኛቻትና፣ «የምትሄድበት ነገር እውነት ከሆነ ስትመለስ ንገረኝ፤ ውሸትም ከሆነ ንገረኝ» አለችኝ። በደብተሬ ጻፍሁት። ያኔ ሁሉን እጽፍ ነበር።

ረቡዕ። ወደ ሮቢት ወረድን። በእኛ አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፣ ሰው ደጅ ወጥቶ ይቀበላታል፤ በሮቢት ግን አበዳሪ እንደሚያሳድደው ሰው ይሸሿታል። በእኛ ዘንድ ገብስና ባቄላ ባለበት እዚያ ማሽላና ጥጥ አለ፤ ቤቱም እንደ ደጋው በድንጋይ የተካበ ሳይሆን ነፋስ እንዲያልፈው ከእንጨት የተማገረ ነው። ውሃ ለመንሁ፤ አንዲት ሴት ውሃውን ትታ በቅል እርጎ ሰጠችኝ። የማን እንግዳ እንደሆንሁ እንኳ አልጠየቀችም። ከከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ ወረቀታችንን አይተው አሳለፉን።

ሐሙስ። ከመኪናው መንገድ ለቀን ግማሽ ቀን ያህል በማሽላ ማሳ ውስጥ ሄደን ከመንደሩ ደረስን። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ የሸማኔውንም ስም አልጽፍም። ምክንያቱን በቦታው እናገራለሁ። ሽማግሌው ቀጭን፣ ጢማቸው ሂና የነካው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወለላን ከበቅሎ ያወረዷት ራሳቸው ናቸው። መሬት አላስቀመጧትም፤ ይዘዋት ቆመው እግሮቿን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ «ቢስሚላህ። እነዚህ እግሮች ሥራ ፈት ናቸው እንጂ አልሞቱም» አሉ።

ለእራት አንድ ነገር ሆነ። የክርስቲያን እንግዳ የእስላም ሥጋ አይበላምና ባለቤታቸው ዶሮውን አስይዘው ከወንዙ ማዶ ያለ ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ ላኩ፤ እሱ አርዶ፣ ሚስቱ ሠርታ፣ ወጡን በራሷ ድስት ይዛ መጣች። ለአንድ ሥራ ፈት አስተማሪና ለአንዲት ልጅ ሁለት ቤት ተቸገረ። እኛ ደጋ ላይ ሸማኔን በንቀት እንደምን እንደምንጠራው ትዝ አለኝ።

ዓርብ። የጁምዓ ቀን ስለሆነ ሽመና የለም። ልጃቸው ወለላን አዝላ ወንዝ ወረደች። ሃያ ዓመት የሚሆናት ናት፤ አንድ እግሯ ይጎተታል፣ ስትናገርም ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ነው፤ ግን ትሄዳለች፣ ትናገራለችም። የጠዋት ፀሐይ ያሞቀውን አሸዋ ቆፍራ ወለላን እስከ ወገቧ ቀበረቻት። የተጣመሩት እግሮች በሙቀቱ ሲላሉ በሰሊጥ ዘይት ከጭን ወደ ተረከዝ አሸቻቸው። እኔ እያንዳንዱን ጻፍሁ፤ አሸዋው ምን ያህል ይሞቃል፣ ስንት ጊዜ ይታሻል ብዬ ጠየቅሁ። እሷም ብዙ አስባ፣ «እስክትስቅ» አለችኝ።

ቅዳሜ። አሁን ዋናውን ላስረዳ። ሸማኔ መሬት ቆፍሮ በጉድጓዱ አፍ ይቀመጣል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት መርገጫ አለ። ግራውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈትና ማጉን የያዘው መወርወሪያ ያልፋል፤ ቀኙን ሲረግጥ ይመለሳል። ይህ በእኛም አገር አለ፤ ደጃችን ላይ አለ። እግር የማያዝዘው ልጅ ሊማርበት ይችላል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሽማግሌው ልጃቸው ትንሽ ሳለች ከራሳቸው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈሩላት። ሴት ልጅህን ሸማኔ ልታደርጋት ነው ወይ እያለ መንደሩ ሳቀባቸው፤ እሳቸውም፣ «ወላሂ፣ ከተጋደመች ሴት ሸማኔ ሴት ትሻለኛለች» ብለው መለሱ።

ወለላን በትንሹ ጉድጓድ አፍ ላይ አስቀምጠው በወገቧ ዙሪያ ጨርቅ ሞሉላት። በስተግራዋ ተጠግተው ተቀምጠው እግሮቿን በራሳቸው እግሮች ጀርባ ላይ አድርገው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያሉ ረገጡ። መወርወሪያው ሲያልፍ በስተግራዋ ይቀበሉታል፤ ግን ወዲያው አይመልሱላትም። በእጃቸው ይዘው ይጠብቃሉ። እሷ ዓይኗን ካላነሣች፣ ወይ እጇን ካልዘረጋች አይሰጧትም። መጠበቁ ረዘመብኝና፣ «ወለላ፣ እጅሽን ዘርጊ፤ እዚህ ነው፣ ተመልከች» እያልሁ ማስረዳት ጀመርሁ።

ሽማግሌው፣ «አንተ መምህር፣ የእሷን ቦታ ለምን ትቀመጥበታለህ?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበርና ጠየቅኋቸው።

«ዝምታው የእሷ ቦታ ነው። አንተ ከሞላኸው የት ትግባ?»

አፍሬ ዝም አልሁ። ብዙ ቆይታ የቀኝ እጇን ጣቶች ከጭኗ ላይ አነሣች።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ደብተሬን አይተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ወለላ የሠራችውን ሁሉ፣ ለሌላ ልጅ እንዲሆን አልኋቸው። በጣም ደስ አላቸው። «ጻፍ፣ ጻፍ። እኔ ስሞት ጉድጓዱ ይደፈናል፤ ይሄ ይቀራል» አሉኝ። ከዚያ እንደ ልጅ አፈር ብለው የራሳቸውን ስም በጽሑፍ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የመንደራቸውን ስም በትልልቁ አሳምሬ ጻፍሁላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ብዙ ጊዜ አዩት። ባለቤታቸውንም ጠርተው አሳዩ፤ እሳቸውም፣ «እንዲህ ረጅም ሰው ኖረሃል እንዴ?» ብለው አሾፉባቸው።

እሑድና ሰኞ። ጠዋት አሸዋ፣ ከዚያ ጉድጓድ። የእግሯን ርግጫ በምልክት መዘገብሁ፤ ግራ ሲሆን ሰረዝ፣ ቀኝ ሲሆን ነጥብ። ሰኞ ሽማግሌው እግሮቻቸውን ከሥሯ ቀስ ብለው አወጡ። የወለላ ግራ እግር ብቻውን ወረደ። ቀኙ አልተከተለም፤ ልጃቸው ግን አይታ አለቀሰች።

ማክሰኞ። ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች ከዱር በኩል መጡ። ጠጉራቸው ያደገ፣ ጋቢያቸው የተቀደደ፣ ከጋቢው ሥር የጠመንጃ አፈሙዝ የሚታይ ነበሩ። ሽመናው ቆመ። የቤቱ እመቤት የማሽላ እንጀራና ወተት አቀረቡ፤ ሽማግሌውም የሸመኑትን አንድ ጋቢ አወጡላቸው። ብዙ አልተናገሩም። ከመካከላቸው አንዱ ወለላን አይቶ ጭኗን ዳበስ አደረገና፣ «በርቺ» ብሏት ሄዱ። ከዚያ ሥራችንን ቀጠልን። እኔም እንደ ልማዴ ጻፍሁ። ትምህርት ከተቋረጠ ምክንያቱ መጻፍ አለበት ብሎ ያስተማረኝ መምህር ነበረኝ፤ ያን ሥርዓት ለተማሪዎቼም አስተምር ነበር።

ረቡዕ። በዚህ ቀን የሆነውን ሳልጨምር ልናገር። ወለላ ማንም ሳይነካት ግራ ረገጠች፤ ቆየች፤ ቀኝ ረገጠች። መወርወሪያውን ለሽማግሌው ሰደደች፤ እሳቸው ይዘው ጠበቁ። እጇን ዘረጋች፤ ጠበቁ። ከዚያ የመርገጫውን ድምፅ አስመስላ፣ «ተክ» አለች። «ሃ» አይደለም፤ «ተክ» ነው። ሽማግሌው መወርወሪያውን መዳፏ ላይ አስቀምጠው፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ጠየቀችኝ» አሉ።

ሐሙስ። የይለፍ ወረቀቱ ሊያልቅ ስለሆነ ተነሣን። እንድንቆይ ፈልገው ነበር፤ ከመከር በኋላ ኢንሻአላህ ከእናቷ ጋር እንደምንመለስ ቃል ሰጠሁ። ቀኑ ሲጋመስ ሮቢት ደረስን፤ መንደሩ አድርሰውን ለንግዳቸው የተመለሱት ጋሼ ሙሄ በቅሎ ጭነው ይጠብቁን ነበር።

ኬላው ላይ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ዕቃዬን ፈትሾ ደብተሩን አገኘ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ የተማረ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። «ጽሕፈትህ ያምራል፤ የት ተማርህ?» አለኝ። ደስ አለኝ። ሰረዝና ነጥብ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠና ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የምስጢር ጽሕፈት መስሎታል ብዬ ደነገጥሁ፤ ደንግጬም ማስረዳት ጀመርሁ። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ መርገጫው፣ ስለ ሽማግሌው አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። ጫማዬን አውልቄ ግራ ቀኝ እየረገጥሁ አሳየሁት። ሳቀ። ወለላንም ጉንጯን ቆነጠጣት። ከዚያ ገጹን ገልብጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦

«ማክሰኞ። ትምህርት ተቋረጠ። ምክንያት፦ ሦስት እንግዶች ከዱር መጥተው ሲበሉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ቀጠልን።»

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና በትልልቁ የጻፍሁትን ስም አነበበ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። «ደብተሩ እዚህ ይቆያል። ሂድ፣ ልጅቱን ፀሐይ አይምታት» አለኝ።

ከኬላው ራቅ ስንል ጋሼ ሙሄ ምን እንዳነበበ ጠየቁኝ።

«ምንም» አልኋቸው።

ከዚያ ቦታ ወደ መንደሩ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። በቅሎ ነበረን። እኔ ባልመለስ እንኳ ለጋሼ ሙሄ እውነቱን ብነግራቸው በአቋራጭ ሰው ይልኩ ነበር። ልጅ ይዣለሁ፣ ወረቀቱ ያልቃል፣ ምናልባት አስተርጓሚው ዝም ይል ይሆናል እያልሁ ለራሴ አስረዳሁ። ማስረዳት አያቅተኝም።

ዓርብ። ደብረ ሲና። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ነበረች። «እውነት ነው ውሸት?» አለችኝ። እውነት ነው አልኋት። ደብተር ስላልነበረኝ ያየሁትን በእጄና በእግሬ አሳየኋት፤ አሸዋ በሌለበት በምድጃ የሞቀ ገለባ በከረጢት ይሆናል አልሁ። ልጇን ከጓዳ አውጥተን ደጃፉ ላይ ፀሐይ አሞቅነው። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ የሠፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደርድሮ ያያል። እሷ ስታመሰግነኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ቅዳሜ ሽቅብ ወጣን፤ እሑድ ማታ ደብረ ብርሃን ገባን። ብርዱ እንደ ዘመድ አቀፈን። እህቴ ወለላን ተቀብላ እግሮቿን ዳበሰች። በምድጃው ዳር ጉድጓድ ቆፍሬ ሁለት ሳንቃ በገመድ አንጠለጠልሁ። የአባቷ ዘመዶች ለፋሲካ ሲመጡ ወለላ ግራ ረገጠች፣ ቀኝ ረገጠች፣ «ተክ» አለች። አጎቷ፣ ለወለላ የጫናችኋትን በቅሎ ፍቱ አለ፤ የገዳሙ ነገር ዳግመኛ አልተነሣም። እህቴ የጠየቀችኝን አንዲት ነገር አመጣሁላት።

ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ሙሄ መጡ። እኛ ባለፍን በሦስተኛው ቀን ወታደር ወደ መንደሩ እንደወረደ ነገሩን። ሽማግሌውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንሥተው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። ዕቃውን አቃጠሉ፤ ሁለቱንም ጉድጓዶች በድንጋይ ሞሏቸው። ማን እንደጠቆመባቸው በመንደሩ አልታወቀም፤ ሰው እርስ በርሱ እየተጠራጠረ ነው አሉ። እናትና ልጅ ወደ ካራቆሬ ወደ ዘመድ ሄደዋል። ከዚያ ከጉያቸው ትንሿን መወርወሪያ አወጡ፤ ጫፏ ጠቁሯል። «ከእሳቱ ያወጣቻት ልጅቱ ናት። ለወለላ ስጡልኝ፣ እንዳታቋርጥ ብላለች» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ስሙ፣ «ምንም» ስላልሁበት ሁሉ። ጋሼ ሙሄ ጠላታቸውን እንደሚያዩ አላዩኝም፤ ያን በመረጥሁ ነበር። በቅል ያቀረብሁላቸውን ውሃ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ፤ ቤታችንም ዳግመኛ አልመጡም። ለመንደሩ ሰው ግን ነግረዋል፤ ቢያንስ መጠራጠሩ ቀርቷል ሲባል ሰምቻለሁ።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ የሚያስፈራ የለም፤ የሽማግሌውን ስም እዚህ ብጽፈው የሚጎዳቸው የለም፤ ክብርም ይሆናቸዋል። ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ ሞከርሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያን ስም አንድ ጊዜ አሳምሬ ጽፌዋለሁ።

መወርወሪያዋን ለወለላ የሰጠኋት ያንኑ ቀን ነው። አገላብጣ አየቻት፣ አሸተተቻት። ግራ ረገጠች፣ ቀኝ ረገጠች። ከዚያ በስተግራዋ ወዳለው ባዶ ቦታ ሰደደቻት፤ መወርወሪያዋም ግድግዳው ሥር ወደቀች። እኔ ላነሣት ስንቀሳቀስ ወለላ ወደ እኔ አልዞረችም። «ተክ» አለች፤ እጇን ወደዚያ ወደ ባዶው ቦታ ዘርግታ፣ እንዳስተማሯት፣ ጠበቀች።